የአንድ ዝናብ ዓሣ

በምሥራቅ አፍሪካ ቆላማ ሜዳዎች በጋው ሲጠና፣ በዝናብ ጊዜ ውሃ አቁረው የነበሩ ጎድጓዳ ሥፍራዎች ነፍስ ያለው ነገር የሚገኝባቸው አይመስሉም። ጥቁሩ መረሬ አፈር እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ከብት ይረግጠዋል፤ ንፋስ አቧራውን ያነሣዋል። ዝናቡ ወርዶ ሥፍራው ዳግመኛ ኩሬ በሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን፣ ከጣት የማይረዝሙ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለማቸው እንደ ጌጥ የሚያበራ ዓሦች በዚያው ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ኩሬው ብዙውን ጊዜ ከወንዝ ጋር አይገናኝም። ስለዚህም ዓሣው ከዝናቡ ጋር ከሰማይ ወረደ ብሎ የሚገምት መንገደኛ ቢኖር አይፈረድበትም። ምሥጢሩ ግን ከእግሩ ሥር ነው። ዓሦቹ በጋውን ሙሉ በተሰነጠቀው አፈር ውስጥ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው እንቁላሎች ተሸሽገው ቆይተዋል።

እነዚህ ዓሦች ከኩሬያቸው ወጥተው በዓለም የተበተኑት በእንቁላላቸው ምክንያት ነው። በደረቅ አፈር የሚቆይ ነፍስ በኪስ ይያዛል፤ በፖስታ ይላካል። የእርባታቸው ታሪክም ሰዎች የአንድን ኩሬ ዝናብና በጋ በመስታወት ገንዳና በፌስታል ውስጥ መድገምን የተማሩበት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በእንግሊዝኛ ቋንቋ የዓሦቹ ሰፊ ዘመድ አዝማድ በጠቅላላው «ኪሊፊሽ» ይባላል። ቃሉን ሰምተው «ገዳይ ዓሣ» ብለው የሚተረጉሙ አይታጡም፤ ይሁን እንጂ ከመግደል ጋር ዝምድና የለውም። በተለምዶ እንደሚታመነው ሥሩ «ኪል» የሚለው የሆላንድ ቃል ሲሆን ትርጉሙም ጅረት ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ኩሬያቸው በደረቀ ቁጥር የሚያልቁትን ለይቶ «ዓመታዊ ዓሦች» የሚለውን ስያሜ ያስለመደው በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሊቅ የነበረው ጆርጅ ማየርስ ነው። በ1952 ባወጣው ጽሑፍ፣ በአንድ ወቅት ውስጥ በቅለው፣ አፍርተውና ዘር ጥለው ከሚደርቁ ዕፅዋት ጋር አመሳስሏቸዋል። ስያሜው ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግልጽ ነው። በአማርኛ ግን «ዓመታዊ» ሲባል በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣውን በዓል ያሳስባል እንጂ ዓመቱን ሳይጨርስ የሚሞተውን ፍጡር አያመለክትም። ደግሞም በምድር ወገብ አካባቢ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ረጅሙን «ማሲካ»፣ አጭሩን «ቩሊ» ይሉታል። በእንዲህ ያለው አገር በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ትውልድ ሊያልፍ ይችላል። «የአንድ ዝናብ ዓሣ» ማለት ለነገሩ ይቀርባል።

የአፍሪካዎቹ ትልቁ ወገን ኖቶብራንኪየስ ይባላል። ግዛቱ ከሱዳንና ከሶማሊያ አንሥቶ በኡጋንዳ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያና በሞዛምቢክ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ምሥራቅ ይደርሳል። ወገኑን በሳይንስ መዝገብ ያስገባው ጀርመናዊው ቪልሄልም ፔተርስ ነው። ፔተርስ ከ1842 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት በሞዛምቢክ ተዘዋውሮ እንስሳትና ዕፅዋት ሲሰበስብ፣ በኬሊማኔ ያገኘውን ዓሣ በ1844 ገለጸ፤ በ1868 ደግሞ ወገኑን ለይቶ ሰየመው። ስያሜው ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «ሐሰተኛ ስንጥብ» እንደ ማለት ነው። ከፔተርስ በኋላ የመጡት በቅኝ ገዥዎች ዱካ የተጓዙ ናቸው። ፍራንትስ ሽቱልማን በ1888 እና በ1889 በምሥራቅ አፍሪካ ከሰበሰባቸው ዓሦች መካከል የሃምቡርጉ ጌኦርግ ፕፌፈር ዛሬ ኖቶብራንኪየስ ጉንተሪ የሚባለውን የዘንዚባሩን ዓሣ ለይቶ በ1893 ገለጸው። በጣሊያን በኩል ዴችዮ ቪንቺጌራ በ1897 አንድ፣ በ1927 ደግሞ ሌላ የሶማሊያ ዓሣ ገልጿል። ሁለተኛው የማርኬዝ ሳቬሪዮ ፓትሪዚን ስም ይዞ ፓትሪዚ ተብሏል።

በየቤተ መዘክሩ የተመረመረው ግን የሞተ ዓሣ ነበር። አልኮል ሥጋን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ ቀለምን ግን ያጠፋል። በኩሬው ውስጥ እንደ ፍም የቀላው ወንድ ዓሣ በጠርሙስ ውስጥ የገረጣ ቡናማ ሆኖ አውሮፓ ደረሰ። ሊቃውንቱ ቅርፊቱን ቆጠሩ፤ ክንፉን ለኩ፤ የላቲን ስም ሰጡ። ኩሬው ሲደርቅ ዓሣው ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ በጠርሙስ ውስጥ ሊነሣ አይችልም ነበር። በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ግማሽ ምዕተ ዓመት የስም እንጂ የዕውቀት ዘመን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ለውጡ የመጣው ከሊቃውንቱ ሳይሆን በቤታቸው ዓሣ ከሚያረቡ ሰዎች ነው። በጀርመን የወደብ ከተሞች መርከበኞች ከሩቅ አገር የሚያመጧቸውን ትናንሽ ዓሦች ገዝቶ በመስታወት ገንዳ ማኖር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ተስፋፍቶ ነበር። በ1926 ከሞዛምቢክ የቤይራ ወደብ አካባቢ የተገኘ ዓሣ፣ ለጀርመናዊው የዓሣ አፍቃሪ ለአርቱር ራኾቭ መታሰቢያ ኖቶብራንኪየስ ራኾቪ ተብሎ ተሰየመ። ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለሙ የተፈራረቀበት ይህ ዓሣ ዛሬም ድረስ ከጨዋማ ውሃ ውጭ ከሚኖሩት ዓሦች ሁሉ ውቡ ነው የሚሉ አርቢዎች አሉ። ችግሩ ዕድሜው ነበር። በኩሬው አድጎ የተያዘ ዓሣ በመርከብ ሳምንታትን አሳልፎ ሲደርስ አርጅቷል፤ ገዢው በደስታ ወደ ቤቱ በወሰደው በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞትበታል። እንቁላሉንም በውሃ ውስጥ ሲያቆዩት አብዛኛው ሻጋታ ይበላዋል፤ የተረፈውም ለመፈልፈል እምቢ ይላል።

ደቡብ አሜሪካውያኑ የዚህ ዓሣ አምሳያዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጀርመን ደርሰው ስለነበር፣ ለእነርሱ የተገኘው ዘዴ ለአፍሪካዎቹም ሠራ። ዘዴው አርቢውን ሁሉ ከለመደው ነገር ጋር የሚያጣላ ነው፤ የዓሣን እንቁላል ከውሃ አውጥቶ ማድረቅ!

አሠራሩ በየሰዉ እጅ ጥቂት ጥቂት ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ወንዱ ሴቲቱን በጀርባ ክንፉ አቅፎ ወደ ገንዳው ወለል ይጫናታል፤ ሁለቱም ለአፍታ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንድ እንቁላል ብቻ ከወለሉ ውስጥ ይቀበራል። ይህ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ስለሚሆን አንዲት ሴት ብዙ አሥር እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አርቢው በወለሉ ላይ የሚያኖረው የመረሬ ጭቃ አይደለም። በምትኩ በቀዝቃዛ አገሮች ረግረግ ውስጥ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የታመቀ፣ ፒት የሚባል የተክል ብስባሽ ቀቅሎ ይጠቀማል። ከጊዜ በኋላ የኮኮናት ቃጫም አገልግሎት ላይ ውሏል። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ብስባሹ ከነእንቁላሉ በወንፊት ይጠለላል፤ በእጅ ይጨመቃል፤ ጋዜጣ ላይ እንደ እህል ይሰጣል።

የሥራው ሁሉ ብልሃት ያለው መቼ ከስጡ ላይ እንደሚነሣ በማወቅ ላይ ነው። ብስባሹ ሲጨብጡት ውሃ የማይንጠባጠብ፣ ሲለቁትም እንደ አቧራ የማይበተን መሆን አለበት። ከዚህ በላይ ከረጠበ እንቁላሉ ይሻግታል ወይም እንደተኛ ይቀራል፤ ከዚህ በላይ ከደረቀ ይጨማደዳል። መለኪያ መሣሪያ የለውም፤ የጠላ ጠማቂ እጅ ብቅሉን እንደሚያውቅ የአርቢው እጅ ይህን ያውቃል። ከዚያ በኋላ ብስባሹ በፌስታል ውስጥ ይታሠርና የዓሣው ስም፣ የመጣበት ኩሬና ቀኑ ተጽፎበት ጨለማ ካለበት ሙቅ ሥፍራ ይቀመጣል። የዘንዚባሩ ዓሣ ሦስት ወር ያህል ይጠበቃል። የቤይራው ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሙቀቱ ከፍ ሲል ጊዜው ያጥራል፤ ሲቀዘቅዝ ይረዝማል።

ቀኑ ሲቃረብ አርቢው ፌስታሉን ፈትቶ ጥቂት እንቁላሎችን በማጉያ መነጽር ይመለከታል። ጥርት ያለ ብርጭቆ የመሰለው ገና ነው። የደረሰው በውስጡ ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ሁለት ዓይኖች ይታዩበታል፤ ፅንሱ ከውስጥ ሆኖ መልሶ የሚመለከት ይመስላል። ያን ጊዜ ብስባሹ በሰፊ ሳህን ላይ ተበትኖ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስስበታል። ቀዝቃዛ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዝናብ ውሃ ከደረቀው ምድር ይቀዘቅዛል። በሰዓታት ውስጥ ጫጩቶቹ ቅርፊታቸውን ሰብረው ይወጣሉ። አርቢው ቸኩሎ ወይም ዘግይቶ ከሆነ ግን አንዳንዶቹ የአየር ከረጢታቸውን መሙላት ሳይችሉ ቀርተው በወለሉ ላይ ሆዳቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ፤ እነዚህ አያድጉም።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን ከሁሉ ይልቅ አርቢዎቹን ያስገረመ ነገር ነው። በአንድ ቀን የተጣሉ፣ በአንድ ፌስታል የኖሩ እንቁላሎች በአንድነት አይፈለፈሉም። ከፊሎቹ ሲወጡ ከፊሎቹ እንደተኙ ይቀራሉ። ስለዚህ የለመደ አርቢ ብስባሹን አይጥልም፤ እንደገና አጥልሎ፣ እንደገና አስጥቶ፣ ከሳምንታት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ያርሰዋል፤ አንዳንዴም ለሦስተኛ። በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ጫጩቶች ይወጣሉ። የዚህን ምክንያት ለማወቅ ገበሬ መሆን ይበቃል። የመጀመሪያው ዝናብ አንዳንዴ ያታልላል፤ ጥቂት ቀን ዘንቦ ይቆምና ኩሬው ዓሣው ሳይደርስ ይደርቃል። ዘሩን ሁሉ ለዚያ ዝናብ የሰጠ ዓሣ ከምድር ይጠፋ ነበር።

እንቁላሉ በፌስታል መቆየት ከቻለ፣ ፌስታሉ በፖስታ ውስጥ መግባት ይችላል። በ1961 በአሜሪካ፣ በ1965 በብሪታንያ፣ በ1969 በጀርመን የኪሊፊሽ አርቢዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። አባላቱ መምህራን፣ ሠራተኞች፣ ጡረተኞች ነበሩ። ዴንማርካዊው የጦር መኮንን ዮርገን ሼል በ1968 ያሳተመው የአሮጌው ዓለም ኪሊፊሾች መጽሐፍ የዚህ ዘመን ትልቅ ሥራ ነው። የዓሣ እርባታ በሌላው ዘንድ የውሃ ከረጢት፣ የኦክስጅንና የአውሮፕላን ጭነት ጉዳይ ሲሆን፣ ለእነዚህ ሰዎች ግን አንድ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ በቂ ነበር። ከታንዛንያ ኩሬ የመጣ ዘር ከኮፐንሃገን ወደ ካሊፎርኒያ እንዲህ ይሻገር ነበር። በዓላማ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጉዘው አዳዲስ ዓሦችን የሚያፈላልጉም ተነሡ። በ1973 የተሰየመው የማፊያ ደሴቱ ኖቶብራንኪየስ ኮርትሃውዜ የጀርመናዊቷን የኤዲት ኮርትሃውስን ስም ይዟል። ከጉዞዎቹ ብዙዎቹ በመኪና መንገድ ዳር የተከናወኑ ስለነበሩ የዓሦቹ መገኛ ካርታ አንዳንዴ የዓሦቹን ስርጭት ሳይሆን የመንገዶቹን መስመር የሚያሳይ ይመስላል።

ዓሣው ለምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ ራሱ ሊጠቅም ይችላል የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። በታንጋኒካ ስለ ፄፄ ዝንብ ያጠና የነበረው ቫንደርፕላንክ በ1941 በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ እነዚህን ዓሦች ወባን ለመከላከል የሚረዱ አገር በቀል ዓሦች አድርጎ አቀረባቸው። የወባ ትንኝ የምትራባበትን የዝናብ ኩሬ፣ ትንኟን ዕጭ ሳለች የሚበላ፣ ኩሬው ሲደርቅም ዘሩን ትቶ የሚጠብቅ ዓሣ እንዲጠብቀው ማድረግ የሚማርክ ሐሳብ ነው። በ1963 አሜሪካውያኑ ሂልደማንና ዋልፎርድ ይህንኑ ሐሳብ እንደገና አነሡት። ነገሩ ግን ከወረቀት ብዙም ሳይርቅ ቀረ። ዓሣው በየትኛውም ውሃ አይኖርም፤ የሚስማማውን ጭቃ ይመርጣል፤ ትንኟ ግን አትመርጥም።

በአርቢዎች እጅ የታወቀውን ነገር ሳይንስ ለማብራራት የተነሣው በዚሁ ዘመን ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች አንዱ የተሠራው በአውሮፓ ሳይሆን በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በጂንጃ፣ ኡጋንዳ፣ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የዓሣ ሀብት ምርምር ድርጅት ነበር። ጆን ዎርምስ የአካባቢውን ኖቶብራንኪየስ ፅንስ አስተዳደግ ከሌላ፣ በጋ ከማያሠጋው ዓሣ ጋር አነጻጽሮ ያጠናው ጽሑፍ በድርጅቱ የ1964 ዘገባ ላይ ወጥቷል። ዎርምስ በ1972 ባሳተማቸው ተከታታይ ጥናቶች የእንቁላሉን ምሥጢር በዝርዝር ገለጸ።

ፅንሱ እስኪፈለፈል ድረስ በሦስት ሥፍራ ሊቆም ይችላል። ሳይንቲስቶች ይህን መቆም ዲያፖዝ ይሉታል፤ ዕረፍት እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዕረፍት ገና በጅምሩ ነው፤ ፅንሱን የሚሠሩት ሕዋሳት ተበታትነው በአስኳሉ ላይ ይቆያሉ፤ ገና የዓሣ መልክ የላቸውም። ሁለተኛው፣ ልብና የአካሉ መሠረት ከተቀረጸ በኋላ የሚመጣና ረጅሙ ነው። ሦስተኛው ፅንሱ ሁሉ ነገሩ ተሟልቶ፣ የሚወጣበትን ውሃ ብቻ ሲጠብቅ ነው። ከሦስቱ በእያንዳንዱ ላይ አንዱ እንቁላል ቆሞ፣ ሌላው ሳይቆም ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ከአንድ እናት የተጣሉ እንቁላሎች በስምንት የተለያዩ መንገዶች ሊጓዙ ይችላሉ። አርቢው ብስባሹን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የሚያርሰው በዚህ ምክንያት መሆኑ ታወቀ። እጅ አስቀድሞ ያወቀውን መጽሐፍ ዘግይቶ እንደጻፈው ልብ ይሏል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከእንቁላሉ ወደ ሽምግልናው ዞረ። ስለ ወባ የጻፈው ሮይ ዋልፎርድ ከሥራ ባልደረባው ከሊዩ ጋር በ1966፣ የውሃው ሙቀት ሲቀንስ የአንድ ደቡብ አሜሪካዊ ዓመታዊ ዓሣ ዕድሜ እንደሚረዝም አሳየ። አንድ ተመራማሪ የአይጥን እርጅና ለማየት ሁለትና ሦስት ዓመት ይጠብቃል፤ ይህ ዓሣ ግን በወራት ይሸመግላል። ከአፍሪካዎቹ በመጀመሪያ ለዚህ ጥናት የዋለው የዘንዚባሩ ነበር። ዝናው ግን የሌላ ሆነ።

በ1968 ሪቻርድ ፈርዘር የተባለ ሰብሳቢ፣ በዛሬይቱ ዚምባብዌ ደቡባዊ ምሥራቅ ጎናሬዡ በሚባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ፣ ከአንድ ጊዜያዊ ኩሬ ያልታወቀ ዓሣ አገኘ። ጎናሬዡ በሾና ቋንቋ የዝሆኖች ሥፍራ ማለት ነው። የዓሣ ሊቁ ጀብ በ1971 ለዓሣው ኖቶብራንኪየስ ፈርዘሪ የሚል ስም ሰጠው። የዚያ ኩሬ ዘር ጂ.አር.ዜድ በሚሉ ሦስት ፊደላት፣ ማለትም በጎናሬዡ ስም አሕጽሮት፣ ከአርቢ ወደ አርቢ በፌስታል ሲተላለፍ ቆየ። ለ30 ዓመታት ያህል ያቆየው መንግሥት ወይም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ በየሳሎናቸው ብስባሽ የሚያሰጡ ሰዎች ነበሩ። በ2003 በአርቢዎች ዘንድ የታወቀው ስቴፋኖ ቫልደሳሊቺና የነርቭ ሳይንቲስቱ አሌሳንድሮ ቼሌሪኖ የዚህ ዓሣ ዕድሜ በገንዳ ውስጥ ከ12 ሳምንት እንደማይበልጥ አሳወቁ። በቤተ ሙከራ ሊረባ ከሚችል አከርካሪ ካለው እንስሳ መካከል በዚያን ጊዜ ከዚህ ያጠረ ዕድሜ ተመዝግቦ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። በ2015 ሁለት የምርምር ቡድኖች የዓሣውን ሙሉ የዘር ቅንጅት ይፋ አደረጉ። በ2018 በቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሞዛምቢክ ኩሬዎች ያለው ይኸው ዓሣ ከተፈለፈለ በ14 ቀን ለመራባት እንደሚደርስ አረጋገጡ። በ2020 ደግሞ ከስታንፎርድ የወጣ ጥናት፣ በዲያፖዝ ለረጅም ጊዜ የቆየ ፅንስ በኋላ ዕድገቱም፣ መራባቱም፣ ዕድሜውም እንደማይጎዳ ገለጸ። በሌላ አነጋገር በእንቁላል ውስጥ ያለፈው ጊዜ በዓሣው ዕድሜ ላይ አይቆጠርም። ዛሬ በጀርመን፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች በሽዎች የሚቆጠሩ የመስታወት ገንዳዎች ውስጥ የሚዋኙት ጂ.አር.ዜድ ዓሦች የዚያ አንድ ኩሬ ልጆች ናቸው። ከእነርሱ የሚጻፈው ጽሑፍ የኩሬውን ስም በአሕጽሮት ይጠራል፤ ስለ ሥፍራው ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። በ1992 የተፈረመው የብዝኀ ሕይወት ስምምነትና በ2014 በሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ሀብቱ የተገኘበት አገር ከጥቅሙ እንዲካፈል ይደነግጋሉ። የጎናሬዡ እንቁላል ግን ድንበሩን የተሻገረው ሁለቱም ከመታሰባቸው በፊት ነው።

የሳይንሱ ዝና እንዲህ ሲሰፋ፣ የዓሦቹ አገር ግን እየጠበበ መጥቷል። ለዓይን ባዶ የሚመስል የበጋ ኩሬ ለማንም ተቆርቋሪ የለውም፤ ይታረሳል፣ ይሞላል፣ ቤት ይሠራበታል፣ አፈሩ ለጡብ ይቆፈራል። በወንዝ ላይ ያለ ዓሣ ሲያልቅ ዓሣ አጥማጁ ይጮኻል፤ ይህ ዓሣ ግን አጥማጅ የለውም። ከኖቶብራንኪየስ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ የተጋረጠባቸው ተብለው ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ የሚታወቁት ከጥቂት ኩሬዎች፣ አንዳንዶቹም ከአንድ ብቻ ስለሆነ የአንድ ኩሬ መደፈን የአንድ ዝርያ መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

በቀንዱ በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ በጦርነት የተቆራረጠ ነው። ኖቶብራንኪየስ ፋሽያተስ የተባለው የሶማሊያ ዓሣ ስሙ የወጣለት በ1992፣ የአገሪቱ መንግሥት በፈረሰ ማግሥት ነበር። በ2009 ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው ቫልደሳሊቺና ባልደረቦቹ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ የተገኘ አዲስ ዝርያ ገልጸው፣ በሱዳን የኑባ ተራሮች ስም ኖቶብራንኪየስ ኑባኤንሲስ አሉት። ከገላጮቹ አንዱ በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች ለዓመታት የሠራው ሩሲያዊው የዓሣ ሊቅ አሌክሳንደር ጎሉብትሶቭ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ዓሦች ሲነገር የጣናና የስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ቀድመው ይነሣሉ፤ በደረቅ አፈር የሚያሳልፍ ዓሣም እንዳላት የሚያውቅ ጥቂት ነው። በሱዳን በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት የኑባ ተራሮችን አካባቢም ሳይምር አዳርሷል።

በዚህ ሁሉ መካከል በአርቢዎች ዘንድ ከዓሣው እኩል የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በፌስታሉ ላይ የተጻፈው ነው። ሕጉ ያልተጻፈ ቢሆንም ጥብቅ ነው፤ ከተለያየ ኩሬ የመጡ ዓሦች፣ ዝርያቸው አንድ ቢሆንም እንኳ፣ አይዳቀሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘር የአገሩን አሕጽሮት፣ ዓመቱንና የሥፍራውን ቁጥር ይዞ ይኖራል። ኤም.ዜድ.ኤም 04-03 ሲባል በ2004 ከሞዛምቢክ የተወሰደ፣ የአንድ የታወቀ ኩሬ ዘር ማለት ነው። የማያውቅ ሰው ይህን የቴምብር ሰብሳቢ ቅብጠት ይለው ይሆናል። የዘንዚባሩ ዓሣ ዕጣ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ኖቶብራንኪየስ ጉንተሪ ከሁሉ ቀድሞ ስለ ተሠራጨ በብዙ አገር የሚሸጠው የገንዳ ዘር ነው፤ ከየትኛው የደሴቲቱ ኩሬ እንደ ተወሰደ፣ በመካከሉም ከምን ጋር እንደ ተደባለቀ የሚነግር ጽሑፍ የለውም። ቀለሙ ያማረ ነው፤ እንቁላሉም በሦስት ወሩ ይፈለፈላል። ከጎኑ፣ በትንሽ ቁጥር፣ የመንደር ስምና ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው የዘንዚባር ፌስታሎች አሉ። በደሴቲቱ ላይ አንድ ኩሬ ቢደፈንና ዓሣውን ወደ አካባቢው መልሶ ለማኖር ቢታሰብ፣ የሚፈለጉት እነዚያ ብቻ ናቸው።